«ሰነፍ» አትበሏት፦ የነፍሰ ጡር ወገብና የእኛ ድርሻ

  ዛሬ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ።

የዛሬው ትምህርት ከአንድ ስልክ የተነሳ ነው። ቡለን ያለችው ታናሽ እህቴ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ወንድሜ፣ ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ሶላቴ ይሆናል?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ሁሉ ሰነፍሽ ይለኛል» ብላ ጨመረች።

እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ለባለቤቴ፣ «እናቶቻችን እስከ ምጥ ቀን ድረስ ውሃ ይቀዱ አልነበር እንዴ?» ብያት አውቃለሁ። እሷም አልመለሰችልኝም። ጀሪካኑን አንስታ ወጣች። ያን ቀን ውሃውን ቀድታ ስትመለስ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ግድግዳ ተደግፋ መቆሟ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ በእርግዝና ጊዜ ወገብ፣ ዳሌና እግር ለምን እንደሚያም ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ያወቀ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

ቁርኣን አስቀድሞ የነገረን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሉቅማን ለወላጆቻችን መልካም እንድንሆን ሲያዘን፣ እናታችን በተደራረበ ድካም እንደተሸከመችን ያስታውሰናል። በሱረቱል አሕቃፍም እርግዝናውም ወሊዱም በችግር እንደሆነ ተነግሯል። ልብ በሉ፤ ስለ እናት ብዙ ሊባል የሚችል መልካም ነገር እያለ፣ አላህ አጉልቶ ያነሳው ሸክሙን ነው። ፈጣሪ «ድካም ነው» ያለውን ነገር እኛ «ስንፍና ነው» ልንል አይገባም።

ይህ ድካም ደግሞ በአካሏ ላይ የሚታይና ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

1. ሸክሙ ከፊት ነው

እርግዝና ከመጀመሩ በፊት ክብደቷ ለቁመቷ ተመጣጣኝ የነበረች ሴት እስክትወልድ ድረስ ከ11 እስከ 16 ኪሎ ግራም ያህል መጨመሯ ጤናማ ነው። ሕፃኑ ብቻውን ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃው፣ ያደገው ማህፀን፣ የጨመረው ደምና የጡቱ ክብደት ይደመርበታል።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ችግሩ አብዛኛው ከፊት መሆኑ ነው። እስቲ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ሆድህ ላይ አቅፈህ ቁም። ወዲያው ትከሻህን ወደ ኋላ ትለጥጣለህ፤ ያለዚያ በፊትህ ትደፋለህ። ነፍሰ ጡሯም እንዲሁ ናት። ሆዷ በገፋ ቁጥር ሳታስበው ደረቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ የወገቧ ጉብጠት ወደ ውስጥ ይጨምራል፣ አንገቷ ወደ ፊት ይመጣል፣ እግሮቿን ሰፋ አድርጋ እየተወዛወዘች ትራመዳለች። አንዳንዱ አላዋቂ በአካሄዷ ይስቃል። ሰውነቷ ግን እንዳይወድቅ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው።

አንተ ጀሪካኑን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ታስቀምጠዋለህ። እሷ ተኝታም አታስቀምጠውም። ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት የታችኛው ጀርባ ጡንቻዎች ማታ ላይ ቢያቃጥሉና ቢጨመድዱ ምን ይገርማል? ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበዙት፣ በእርግዝናቸው ወቅት የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም ያገኛቸዋል።

2. ወገቧ ለዚህ ሸክም ተዘጋጅቷል

እዚህ ላይ ሱብሃነሏህ የሚያስብል ነገር አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የወንድና የሴት የታችኛውን ጀርባ አጥንቶች አነጻጽሯል። የታችኛው ጀርባ አምስት አጥንቶች አሉት። ጉብጠቱን የሚፈጥሩት አንድ ጎናቸው ቀጠን ያለ፣ እንደ ሽብልቅ የተሠሩት አጥንቶች ናቸው። እነዚህ በወንድ ሁለት ሲሆኑ በሴት ሦስት ናቸው። አጥንቶቹን የሚያያይዙት መገጣጠሚያዎችም በሴት በኩል ተለቅ ያሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሴት ሆዷ ሲገፋ ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ ክብደቱን ዳሌዋ ላይ ማሳረፍ ትችላለች፤ አጥንቶቿም በቀላሉ አይንሸራተቱም።

አላህ ሸክሙን ከመስጠቱ በፊት የሚሸከመውን አካል አበጅቶታል። ይህ ማለት ግን አይደክምም፣ አያምም ማለት አይደለም። ድልድይ ጠንክሮ ተሠራ ተብሎ አላስፈላጊ ጭነት አይጫንበትም።

3. ጅማቶቿ ይላላሉ

በእርግዝና ጊዜ ሰውነቷ ሪላክሲን የሚባለውን ጨምሮ የተለያዩ ሆርሞኖችን ያመነጫል። የዳሌ አጥንቶችን አጥብቀው የያዙ ጅማቶች ላላ ይላሉ፤ ሕፃኑ የሚያልፍበት መንገድ እንዲከፈት ነው። ጅማት ሲላላ መገጣጠሚያው ይነቃነቃል፤ እንዳይነቃነቅ የሚይዘው ሥራ ደግሞ በጡንቻ ላይ ይወድቃል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማት ከመቀመጫዋ በላይ ግራና ቀኝ፣ ወይም ከፊት በኩል የዳሌ አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ደረጃ ስትወጣ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ፣ ከባጃጅ ስትወርድ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ስትለብስ ይብሳል። ቁጭ ብላ መልበስና ከባጃጅ ስትወርድ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ አዙሮ ማውጣት ሕመሙን ይቀንሰዋል።

4. የሆድ ጡንቻ ይለጠጣል

ወገብን ከፊት ሆኖ የሚደግፈው የሆድ ጡንቻ ነው። ማህፀኑ ሲያድግ መሐል ለመሐል ግራና ቀኝ ሆነው የሚወርዱት ጡንቻዎች ይለጠጣሉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። ጀርባዋ ከፊት ያለውን አጋዥ በከፊል አጣ ማለት ነው። ከወለደች በኋላም ጡንቻው በአንድ ሌሊት አይመለስም። «ወለደች፣ ተገላገለች» ብለን አራሷን ወዲያው ወደ ሥራ የምንመልስ ሰዎች ይህን እንወቅ። ሸክሙ ከሆዷ ወርዶ ወደ እቅፏና ወደ አንቀልባዋ ነው የተዛወረው።

5. ሌሎቹ ሕመሞች

ከመቀመጫ ተነስቶ በታፋ ኋላ ወደ እግር የሚወርድ ውጋት ሊኖር ይችላል፤ ወደ እግር የሚሄደው ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ነው። ድንገት ስትነሳ ወይም ስትስል ብሽሽቷ አካባቢ የሚወጋት ደግሞ ማህፀኑን ግራና ቀኝ የያዙት ጅማቶች ሲሳቡ ነው። ሌሊት ባቷን ይቋጥራታል፤ ያን ጊዜ የእግር ጣቶቿን ወደ ራሷ መሳብ ያፍታታዋል። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ የሚደነዝዙት በሰውነቷ የተጠራቀመው ፈሳሽ የእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን ነርቭ ስለሚጫነው ነው። የውስጥ እግሯም ከክብደቱና ከጅማቱ መላላት የተነሳ ጠፍጠፍ ይላል፤ የድሮ ጫማዋ አልገባ ቢላት አይግረማችሁ።

የእኛ አገር ሸክም

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። ቡለንን የምታውቁ፣ ወይም ድባጤን፣ ወንበራን፣ ማንዱራን ያያችሁ፣ የጉሙዝ እናቶች ትከሻቸው ላይ ዘንግ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ አይታችኋል። ክብደቱ ለሁለት ተከፍሎ ሚዛኑን ስለሚጠብቅ ሰውነት ወደ አንድ ወገን አይጎብጥም። ጀርባዋ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ያሰረች እናት ግን ወደ ፊት መጉበጥ ግድ ይላታል። እርጉዝ ስትሆን ሆዷ ወደ ፊት፣ ጀሪካኑ ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ መሐል ላይ ያለው ወገቧ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ መሆኑን አስሉት። እርግዝናው ራሱ ከጨመረባት በላይ ነው።

በዘንግም ይሁን በጀርባ፣ ለድርስ እርጉዝ ከባድ ሸክም አይመከርም። «እናቶቻችን ያደርጉት ነበር» የሚለው እውነት ነው፤ ስንቶቹ ወገባቸውን ይዘው እንዳረጁም እውነት ነው። እናትህን ዛሬ ሄደህ ጠይቃት። «እኔን ስታረግዢ ወገብሽን እንዴት አድርጎሽ ነበር?» በላት። መልሷን ሰምተህ ከዚያ ፍረድ።

ምን ይጠቅማታል?

እህቴ፣ እነዚህን ሞክሪ። ወንድሜ፣ አንተም አብረህ አንብብ፤ ብዙዎቹ ያላንተ አይሆኑም።

• መንቀሳቀስ። ወገብ አመመኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ መተኛት ጡንቻውን ያደክመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የወገብና የዳሌ ሕመምን ለመከላከል በእርግዝና ወቅት ሁሉ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግን ይመክራል። ሸክም የሌለበት መጠነኛ የእግር ጉዞ ይበቃል። እንቅስቃሴ ለእርግዝናሽ አይሆንም የተባልሽ ከሆነ ግን የሐኪምሽን ቃል ጠብቂ።

• አቋቋም። ትከሻን ዘና፣ ጉልበትን ትንሽ ልል አድርጎ መቆም። ለረጅም ጊዜ መቆም ግድ ከሆነ አንድ እግርን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ማሳረፍና እየቀያየሩ መቆም።

• ማንሳት። ከወገብ ጎንበስ ብሎ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ መውረድ፤ ቀላሉን ዕቃ ወደ ሰውነት አስጠግቶ መነሳት።

• የቤት ሥራ። መሬት ላይ ባለ ምጣድ ላይ አጎንብሶ እንጀራ መጋገር፣ መሬት ላይ ባለ ሳፋ ልብስ ማጠብ ወገብን ይጎዳል። ምጣዱን ከፍ አድርጉላት፤ ሳፋውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጡላት። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን የወራት ነው።

• አተኛኘት። በጎን መተኛት፣ ጉልበቶቿ መሐል የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ማድረግ። በተለይ ከሰባተኛው ወር ወዲህ በጀርባ መተኛት ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ስለሚያደርግ ጥሩ አይደለም። ከአልጋ ስትነሳ ቀጥ ብላ አትነሳ፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ በእጇ ገፍታ ትነሳ።

• ጫማ። ከነጠላ ጫማና ከባለ ረጅም ተረከዝ ይልቅ እግር የሚይዝ፣ ዝቅ ያለ ጫማ።

• መቀነት። ከሆድ በታች ዳሌን ዙሮ የሚታሰር የድጋፍ ቀበቶ ለአንዳንዶች እፎይታ ይሰጣል። ሆድ ላይ አጥብቆ መቀነት ማሰር ግን እሱን አይተካም።

• ማሸት። ወገቧን በቀስታ ማሸትና በሞቀ ጨርቅ መያዝ ጥሩ ነው። ሆዷን ማሸት ወይም ወገቧን በወጌሻ ማስጠምዘዝ ግን ለእሷም ለፅንሱም አደጋ ነው።

• መድኃኒት። ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ፣ ፅንሱን ሊጎዱ ይችላሉ። የጤና ባለሙያ ጠይቂ።

የእህቴ ጥያቄ፦ ሱጁዱስ?

ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ነበረባቸው። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው የተሰጣቸው መልስ በቡኻሪ ተዘግቧል። ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። መሠረቱ ይኸው ነው፦ የምትችይውን ታደርጊያለሽ፤ በማትችይው አትጠየቂም።

ስለዚህ እህቴ፣ መቆም ከቻልሽ ቁሚ። ሩኩዕ የቻልሽውን ያህል ጎንበስ በይ። ሱጁድ መውረድ ከቻልሽ ጉልበቶችሽን ሰፋ አድርገሽ ውረጂ፤ ከስጋጃሽ አጠገብ ጠንካራ ወንበር አስቀምጠሽ እሱን ይዘሽ ተነሺ። መውረዱ በእርግጥ ካስቸገረሽ ተቀምጠሽ በምልክት ስገጂ፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይልቅ ዝቅ በይ። ለየራስሽ ሁኔታ በአካባቢሽ ያለ ኡስታዝ ጠይቂ። ግን «ሶላቴ ጎደለ» ብለሽ ልብሽን አታሳምሚ። ያገራልንን ጌታ ማመስገን ይገባናል።

ሰብር የማይደረግበት ሕመም

ሰብር ትልቅ አጅር አለው። ሰብር ማለት ግን አደጋን ደብቆ መቀመጥ አይደለም። የሚከተሉት ከታዩ «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» ሳይባል ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሰውነት ቁርጥማት። ክልላችን ወባ ያለበት ነው። ወባ ለነፍሰ ጡርና ለፅንሱ እጅግ አደገኛ ስለሆነ ቁርጥማቱን ከድካም ጋር አናምታታው፤ ደም ትመርመር።

• ቀኗ ሳይደርስ እየመጣ የሚሄድ፣ እየተደጋገመ የሚጠነክር የወገብ ወይም የሆድ ሕመም። ምጥ ሊሆን ይችላል።

• ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ።

• ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት።

• ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ከጎን ሕመም ጋር።

• የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ መቅላትና መታመም።

• እግር መስነፍ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል።

ይህ ባይኖርም እንኳ የእርግዝና ክትትል አይቋረጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ መታየትን ይመክራል። በየቀበሌው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጠይቁ። ቤታቸው ከጤና ጣቢያ የራቀ እናቶችም ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ካለ አስቀድመው ይወቁ። ድርስ ሆና በእግር ረጅም መንገድ ከመሄድ ቀድሞ መድረስ ይሻላል።

ወንድሜ፣ ያንተስ ድርሻ?

መርየምን (ዐ.ሰ) አስታውስ። ምጥ ሲይዛት ብቻዋን ነበረች፤ ሕመሙ ወደ ቴምር ዛፍ ግንድ አስጠጋት። በሱረቱ መርየም እንደተነገረው አላህ አልወቀሳትም፤ እንዳታዝን ተነገራት፣ ከበታቿ ውሃ ተደረገላት፣ ከላይዋ የበሰለ ቴምር ተሰጣት። የምትደገፍበት፣ የምትጠጣው፣ የምትበላውና የሚያጽናና ቃል፤ አራቱም ተሟልተውላታል።

ዛሬ በቤትህ ያለችው ነፍሰ ጡር የምትፈልገው ከእነዚህ አራት ነገሮች የራቀ አይደለም። የምትደገፍበት አንተ ሁን። ውሃውን አንተ ቅዳ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ጀሪካን መሸከም ወንድነትን የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው የበለጠ የሚጠነቀቅ አልነበረም።

ያላገባህ ወጣትም «አይመለከተኝም» አትበል። እህት አለህ፣ የወንድምህ ሚስት አለች፣ ጎረቤት አለች። ታክሲ ውስጥ ቦታ ልቀቅ፤ በወረፋ አሳልፋት፤ ሸክሟን ተቀበላት። ቀጣሪ ከሆንክም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሰጣት እወቅ። አዋጁ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። ልጁ ግን ያንተም ስለሆነ ከቀሩት ወራት ድርሻህን አንተው ራስህ ስጥ።

እኔ ከእህቴ ጋር ካወራሁ በኋላ ለባለቤቷ ደወልኩለት። አልተቆጣሁትም፤ የራሴን ታሪክ ነገርኩት። «ወላሂ ስንፍና መስሎኝ ነበር» አለኝ። ትናንት እህቴ መልሳ ስትደውል ምጣዱ ከፍ ተደርጎ እንደተሠራላት፣ ውሃውን እሱ እንደሚቀዳ ነገረችኝ። ወገቧ ዛሬም ያማታል። ግን ሳቋ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ጠየቅኳት። አንተም ይቅርታ የምትጠይቃት እናት፣ እህት ወይም ሚስት ካለችህ ይህ ጁሙዓ ጥሩ ቀን ነው።

አላህ ሆይ! ያረገዙትን በሰላም ገላግላቸው። ሸክማቸውን አቅልልላቸው፣ ሕመማቸውን የወንጀላቸው ማበሻ አድርግላቸው። በድካም የተሸከሙንን እናቶቻችንን እዘንላቸው፤ የሞቱትንም ማርልን። ሸክም የምንጋራ እንጂ ሸክም የምንሆን አታድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!